ከመዝሙሩ በኋላ የተሰማው ድምፅ

መዝሙሩ ሲያልቅ ማንም እጁን ወደ ላፕቶፑ አልሰደደም። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ሰው ቶሎ ብሎ ዘግቶት ቢሆን ኖሮ ፀደንያ ያን ዕለት እንደ ወትሮዋ ወደ ቤቷ ትገባ፣ ለአባቷ እራት ታቀርብ፣ እሑድ የሚመጡላትን ሽማግሌዎች እያሰበች ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከጣና ዳር ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የጀልባ ሞተር ይሰማል። ዘማሪዎቹ በየወንበራቸው ተቀምጠው አዲሱን መዝሙር ሊያጠኑ ነበር። የመዘምራኑ አለቃ አስማማው፣ መዝሙሩን የቀረጸው ቴዎ ከስቱዲዮው በፍላሽ የላከለትን ፋይል ከፈተና፣ «ይኸ የፀደንያ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከበሮም ማሲንቆም የለበትም። የት እንደምታነሣ የት እንደምትጥል ስሙና ያዙ» አላቸው። ከፊት ረድፍ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ተቀምጠዋል። የፀደንያ አባት ናቸው፤ ዜማውን መስመር በመስመር ያረሙትም እሳቸው ናቸው።

ፀደንያ ከኋላ ሆና አንገቷን ደፋች። ሰው ራሱን ብቻውን ሲሰማ ያፍራል፤ እሷም አፈረች። ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። ከስሩ አንድ ነገር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። በቀረጻው ጊዜ፣ ምት እንዳትስት ብሎ ቴዎ በሄድፎኗ ውስጥ የለቀቀላት ክሊክ ነው፤ ከሄድፎኑ አምልጦ ማይኩ ውስጥ ገብቷል። መዝሙሩ አለቀ። ቀጭ ቀጩ ብቻ ቀረ። ከዚያም ያው ድምፅዋ፣ ዝቅ ብሎ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆኖ እንዲህ አለ፦

«አባዬ እያሉ እኔ ሰው አልሆንም።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሀኒ ክንዷን ጨበጠቻት። አስማማው ላፕቶፑን የዘጋው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። መሪጌታ ግን የሚቀር ነገር እንዳለ ሁሉ ጆሯቸውን ወደዚያው እንዳዘነበሉ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና፣ «ያን የቀረጸውን ልጅ ነገ ቤት ጥሩልኝ» ብለው ወጡ። ወደ ኋላ ዞረው አላዩአትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ቴዎን ያወቀችው በዚሁ መዝሙር ምክንያት ነው። ስቱዲዮው ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ነው፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጤፍ ይዘራበት በነበረ ማሳ ላይ ከበቀሉት አዳዲስ ቤቶች ባንዱ፣ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የውስጠኛውን ግድግዳ በስፖንጅ አልብሶ፣ በሁለቱ መካከል መስታወት አስገብቷል። ሰፈሩን የመረጥኩት ለጸጥታው ነው ይላል። ለባጃጆቹ ግን ይኸን የነገራቸው የለም፤ ፀደንያ ጥሩ አድርጋ ባነሣች ቁጥር አንዱ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ቴዎም ከመስታወቱ ማዶ ራሱን ይዞ «እንደገና» ይላታል።

ከልጅነቷ የምታውቀው መዘመር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ነው። እዚህ ግን ከበሮ መቺው በሌላ ቀን መጥቶ መትቶ ሄዷል፣ ማሲንቆው በሌላ ቀን፣ እሷ ደግሞ ዛሬ ብቻዋን። የእያንዳንዱ ድምፅ በኮምፒውተሩ ላይ የየራሱ መስመር አለው፤ ትራክ ይሉታል፤ አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድሮ፣ አንዱን ሲዘጉት ሌላው ሳይነካ ይቀራል። «እነዚህ ሰዎች ተገናኝተው አያውቁም?» ብላ ጠይቃው ነበር። «እዚህ ውስጥ ብቻ» ብሎ ስክሪኑን አሳያት። ይኸን ለአባቷ ስታወራላቸው መሪጌታ አልወደዱትም። «ያልተገናኙ ሰዎች ባንድነት አመሰገኑ ይባላል እንዴ?» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽኑንም ባለ ማሽኑንም በጥርጣሬ ነው የሚያዩት።

ሄድፎኑ ነው ሁለቱን ያቀራረባቸው። በመዘምራን መካከል ያደገ ሰው አንድ ጆሮውን ለጎረቤቱ ይተዋል። ፀደንያም ጎረቤት በሌለበት ባዶ ክፍል ውስጥ፣ በልማድ፣ የግራውን ከጆሮዋ ገፋ አድርጋ ትዘምራለች። ቴዎ መጀመሪያ ላይ ተማረረ። «ክሊኩ በክፍተቱ እየወጣ ማይኩ ውስጥ እየገባ ነው። ነገ አንድ ቦታ ድምፅሽን ልቁረጥ ብል ምቱ ያነክሳል፤ የሰማ ሁሉ ያውቅብኛል።»

«እንግዲያው አትቁረጠኝ» አለችው።

ሳቀ። ስቆ ሲያበቃም ዓይኑን ከመስታወቱ አላነሣም፤ እሷም ግጥሙን የረሳች መስላ ወረቀቷን አገላበጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ሄድፎኑ ደግሞ ተናግሯት አያውቅም።

መሪጌታን ማሳመን ግን መከራ ነበር። የቴዎ አባት ከናዝሬት ተቀይረው መጥተው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ደግ ናቸው፤ ጎጃም ውስጥ ግን «የማን ልጅ?» ሲባል የሚጠራላቸው ዘመድ የለም። ልጁ ደግሞ መዝሙር የቀዳበትን ማይክ በማግሥቱ ለሠርግ ዘፋኝ የሚያቆም ሰው ነው። ሽማግሌ ይምጣ ለማለት ብቻ መሪጌታ አንድ ዐቢይ ጾም ሙሉ ዝም ብለዋታል። አሁን፣ እሑድ ሊመጡ በተባለበት ሳምንት፣ ይኸ ሆነ።

ፀደንያ ያን ሌሊት ያን ቃል ደጋግማ አሰበችው። አላልሁም፣ አለች ለራሷ። እርግጠኛም ነበረች። ምክንያቱም የቃሉን ሁለት ቁራጭ ታስታውሳቸዋለች። አንድ ቀን ቴዎ፣ ብቻሽን ስትዘምሪ አትፈሪም ወይ ሲላት፣ «አባዬ እያሉ ማን ይነካኛል» ብላው ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ከፍ ያለው ቦታ አልወጣ ሲላት ተናዳ «በዚህ ድምፅ እኔ ሰው አልሆንም» ብላለች። «አባዬ እያሉ» ከወዲያ፣ «እኔ ሰው አልሆንም» ከወዲህ። ቴዎ ደግሞ ይኸን መግጠም ይችላል። ከሦስት ሙከራ የተሻለ የተሻለውን ቃል እየመረጠ አንድ መስመር ሲሠራ አጠገቡ ቆማ በአድናቆት አይታዋለች።

አድናቆቷ መራራ ሆነባት። ለካ ያ ማይክ ዝማሬው ሲቆምም ይሰማ ነበር። ለካ ስትተነፍስ፣ ስታጉረመርም፣ ስትስቅ፣ ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጠው ሰው ሁሉንም እየቀዳ ያስቀምጥ ነበር። ስልኳ ሲጠራ ስሙን አየችና ገልብጣ አስቀመጠችው። የወደደችውን ሰው እንደ ሌባ ማሰብ እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ ገምታ አታውቅም ነበር።

በማግሥቱ ቴዎ ነጠላ ለብሶ መጣ። ነጠላው አዲስ ነው፤ አለባበሱም ገና አልገባውም፣ አንዴ ከትከሻው አንዴ ከክንዱ ይወርድበታል። አስማማው ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። መሪጌታ ልጁን ቆሞ እያለ ጠየቁት።

«ያችን ቃል ልጄ ናት ያለቻት፣ ወይስ አንተ ነህ የሠራሃት?»

ቴዎ አፉን ሳይከፍት ፀደንያ ቀደመች። «አባዬ፣ እኔ አላልሁም። ሌላ ሌላ ቀን የተናገርሁትን ቆርጦ ገጥሞት ነው። ይችላል፤ ሲሠራ አይቻለሁ።»

ቴዎ ወደ እሷ ዞረ። ሊናገር ሲል ከንፈሩ ሲላቀቅ አየችው። ከዚያ ፊቷን አየ፤ ረጅም ጊዜ አየው፤ ከንፈሩም ተመልሶ ገጠመ። ሲናገር ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ቆርጬ የቀጠልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ለቀልድ ብዬ።»

«በአባት ነው የሚቀለድ?»

ቴዎ የተንሸራተተውን ነጠላ ወደ ትከሻው መለሰ። መሪጌታ ዓይናቸው እሱ ላይ እንዳለ ዝም አሉ፤ አስማማው ወንበሩ ላይ እስኪቁነጠነጥ ድረስ ዝም አሉ። በመጨረሻ «እሑድ ማንንም እንዳትልክ» አሉት። ቴዎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ነጠላው ከኋላው መሬት እየጠረገ ሲሄድ ፀደንያ በመስኮት አየችው። አባቷ ፊት ነጻ ወጥታለች፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ግን ባዶ ቤት የገባች መሰላት።

ወሬ በባሕር ዳር ከባጃጅ ይፈጥናል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሥራውን ከቴዎ ነጠቀ። ለሠርጋቸው ዘፈን ሊያስቀርጹ ቀጠሮ የያዙ ሰዎችም «የሰው ድምፅ ቆርጦ የሚቀጥል ልጅ ነው አሉ» እያሉ ቀሩ። ፀደንያ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሳይቀር ስሙ ሲነሣ ሰማች። ሀኒም አልማረችውም። «እኔ ድሮም አልጣመኝም ነበር» አለቻት፤ «ሰው የተናገረውን ሁሉ ቀድቶ የሚያስቀምጥ ወንድ ምኑ ይታመናል? ተገላገልሽ በይ።»

ተገላገልሁ ለማለት ሞከረች። ግን አንድ ነገር አልዋጥ አላት። ለቀልድ? የአንዲት ትንፋሿን ቦታ ለማስተካከል ከሰዓቱን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው፣ በድምፅ ቀልዶ የማያውቅ ሰው፣ ለቀልድ? ደግሞስ ጥፋቱን ያመነ ሰው ይቅርታ ይለምን የለም ወይ? ቴዎ አለመነም። ሲደውል የነበረውም ከዚያን ቀን ወዲህ ቆመ። መጀመሪያ እሱን ጠርጥራ ነበር፤ አሁን ደግሞ ኑዛዜውን ጠረጠረችው። ይኸኛው ጥርጣሬ የባሰ ነበር፤ እውነት ከሆነ ወዴት እንደሚያደርሳት ሳታውቀው አልቀረችም።

ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ የዘንዘልማን ሚኒባስ ተሳፈረች። ቴዎ በሩን ሲከፍት ጢሙን አልተላጨም ነበር። ሰላምታም አልሰጠችው።

«ድምፄን በሙሉ እንድታጠፋልኝ ነው የመጣሁት።»

ቀጥ ብሎ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። መስመሮቹ ተደርድረው ወጡ፤ የሷ ከላይ ነው፣ ስሟ ተጽፎበታል። ወንበሩን ለቀቀላት። «ነይ፣ ራስሽ አጥፊው። እኔ ጋ ቀረ ብለሽ እንዳትጠረጥሪ።»

«መጀመሪያ የቆረጥህበትን ቦታ አሳየኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«አሳየኝ አልሁህ።»

«ፀዲ፣ አጥፊውና ሂጂ።»

ሂጂ ብሏት አያውቅም። ሌላ ጊዜ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ከመስኮቱ ስር የሚቆም ሰው ነው። ፀደንያ ተቀመጠች፣ ሄድፎኑን አነሣች፣ ሁለቱንም ጆሮዋን ሸፈነች። እሱ ሲያደርግ እንዳየችው ሌላውን ሁሉ ዝም የሚያሰኘውን ቁልፍ ነካች። ቴዎ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው።

የመጨረሻው አንቀጽ መጣ። ድምፅዋ አነሣ፣ ጣለ፣ ጨረሰ። ክሊኩ ቀጠለ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ረጅም ትንፋሽ። «አባዬ እያሉ እኔ ሰው አልሆንም።» ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መልሳ ከፈተችው። አሁን ቃሉን ትታ ምቱን ተከተለች፤ በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች ከመዝሙሩ ወደ ትንፋሹ፣ ከትንፋሹ ወደ ቃሉ፣ ከቃሉ ወደ ጸጥታው አለፈች። ጣቷ የትም ቦታ አልተደናቀፈም። አንድ ቦታ ተቆርጦ ቢሆን ምቱ ያነክስ ነበር፤ ያለው ራሱ ቴዎ ነው። አላነከሰም። ማንም አልነካውም።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ያን ዕለት፣ የመጨረሻውን አንቀጽ ሳትጀምር አባቷ ደውለው ነበር። «ካባዬን የት አደረግሽው? መቼ ነው የምትመጪ?» መጣሁ አባዬ፣ አልቆይም አባዬ አለቻቸው። ስልኩን አስቀምጣ ዘመረች። ዘምራ ስታበቃ፣ ማንም በሌለበት፣ በዚያ በስፖንጅ በተለበጠ ክፍል ውስጥ፣ ለግድግዳው ተናገረች።

ሄድፎኑን አወለቀች። «ይኸ የእኔ ነው» አለች።

«የአንቺ ነው።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልህ?»

ቴዎ ግድግዳውን ተደገፈ። «አላልሁም ስትይ ፊትሽን አየሁት። እየዋሸሽ አልነበረም፤ እውነትም አታስታውሺውም። ማሽኔን ከፍቼ እዚያው አባትሽ ፊት ላጋልጥሽ ነበር? እኔን ሰው ቢጠላኝ ሌላ ከተማ ሄጄ እሠራለሁ። አንቺ ግን የምትኖሪው እሳቸው ቤት ነው።»

አዘነችለት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ተናደደችበት። ሁለቱ ባንድ ላይ መጡባትና የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም። «ማን ጠየቀህ?» አለችው። «አሁን አባቴ ፊት ውሸታም ነኝ። ሳላውቀው ውሸታም አደረግኸኝ። ስጠላህ፣ ስሰድብህ ሰነበትሁ፤ ዝም ብለህ አየኸኝ።»

«ትክክል ነሽ።»

«ያን ዕለትስ? ስናገር ሰምተኸኝ ነበር?»

«ሰምቼሽ ነበር።»

«ለምን አላጠፋኸውም?»

ለዚህ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። እንደዚያ ስትይ ሰምቼ እንዳልሰማ መሆን አቃተኝ። ለመጠየቅም አልደፈርኩም፤ ማይኩን ሆን ብዬ ክፍት የተውኩብሽ ይመስልሻል ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን እጠይቃታለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። አስማማው ለማጥኛ የሷን ድምፅ ብቻ ስጠኝ ሲለኝ መጨረሻውን ሳላይ እንዳለ ገለበጥኩለት። የእኔ ጥፋት ይኸ ነው፤ ይኸ የራሴ ነው።»

ፀደንያ ተነሣች። ከኮምፒውተሩ ምንም አልሰረዘችም። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ልታቅፈውም ልትመታውም ፈለገች፤ ሁለቱንም ሳታደርግ ወጣች። የመጀመሪያውን ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ከተማ ተመለሰች።

አባቷን ያገኘቻቸው ከሐይቁ ዳር ነው። ከደሴት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው በጀልባ ተመልሰው፣ ከሾላው ዛፍ ስር ባለችው ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው፣ መቋሚያቸውን አገጫቸው ስር አድርገው ውሃውን ያያሉ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። በመንገዷ ሁሉ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት።

«አባዬ፣ ያችን ቃል እኔ ነኝ ያልሁት።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ቴዎ ነገረዎ?»

«እሱማ ዋሸኝ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ምት ቢሰበር እንቅልፍ ላይ ብሆን ይቀሰቅሰኛል። ከድምፅሽ ስር አንዲት ነገር ቀጭ ቀጭ ትል ነበር። መዝሙሩ አለቀ፣ እሷ ቀጠለች። አንቺ ተናገርሽ፣ በንግግርሽ መካከል አለፈች፤ አልተደናቀፈችም። ማን ቆርጦት ነው ታዲያ?»

በአዳራሹ ውስጥ ጆሯቸውን እንዳዘነበሉ ለምን እንደቆዩ አሁን ገባት። «ካወቁ ለምን ጠሩት? ለምን ጠየቁት?»

«እሱን የጠየቅሁ መስሎሻል» አሉ። «ዓይኔ እሱ ላይ ነበር እንጂ የምጠብቀው አንቺን ነበር። ያን ቀንም ጠበቅሁሽ። ከዚያ ወዲያም ጠበቅሁሽ።»

ፀደንያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አላስታወስሁትም ነበር አባዬ። በእግዚአብሔር እነግርዎታለሁ፣ ያልሁት አልመሰለኝም። ከዚህ ዓለም እንዲያልፉ ፈልጌ አይደለም የተናገርሁት።»

«እሱንም አውቃለሁ። ምን ፈልገሽ እንደ ተናገርሽው ነው የማላውቀው። ንገሪኝ።»

ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ‹ንገሪኝ› የሚል ቃል ካባቷ ሰምታ አታውቅም። እያነባች ነገረቻቸው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሁሉ ትከሻዋ ላይ እንደወደቀ ነገረቻቸው። መራዊ ከተማ ላይ ሥራ አግኝታ ደብዳቤውን ይዛ ስትመጣ ምን እንደሆነ ነገረቻቸው። «‹አትሂጂ› አላሉኝም፤ ‹ሂጂ›ም አላሉኝም። ዝም አሉ። እኔም ቀረሁ። ስለ ቴዎ ሳነሣም ዝም አሉ። እርስዎ ዝም ሲሉ እኔ ምን እንደምፈልግ ይጠፋብኛል። እወድዎታለሁ፤ ግን በዝምታዎ ውስጥ ሰው መሆን አቃተኝ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ ውሃው መለሱ። እንደገና ዝም ሊሉ ነው ብላ ፈራች።

«ፈርቼ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እናትሽ ስትሄድ ድምፅ ሁሉ ከቤቱ ጠፋ። አንቺም የምትሄጂ መሰለኝ። ሂጂ ብል ትሄጃለሽ፤ አትሂጂ ብል ትጠዪኛለሽ። ዝም ብል ትቀሪያለሽ ብዬ ነው። ስንት ተማሪ አስተምሬ፣ ‹እስቲ አንተ ምራው› ብያለሁ፤ አንቺን አንድ ቀን አላልሁሽም።» እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። ፀደንያ ብዙ ዓመት ያልወጣላት ልቅሶ ወጣላት፤ ያለቀሰችው ግን በእፎይታ ነው።

ሲረጋጉ መሪጌታ ቀጠሉ። «ያን ልጅ ግን ወድጄው እንዳይመስልሽ። ዛሬ ስለ አንቺ ብሎ እኔን የዋሸ፣ ነገ ስለ ማን ብሎ አንቺን እንደሚዋሽ በምን አውቃለሁ? ጥሪው።»

ቴዎ ከቅዳሴ በኋላ መጣ። እሑድ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ የነበረበት እሑድ። ነጠላም አላደረገ፣ ሰውም አላስከተለ። መሪጌታ ከቤቱ ደጃፍ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፀደንያ ከኋላቸው መቃኑን ተደግፋ ቆመች።

«እንደገና ልጠይቅህ» አሉት። «ያን ቃል ቆርጠህ ቀጥለሃል ወይስ አልቀጠልህም?»

ቴዎ ወደ ፀደንያ አየ። ያ ቀን ተመልሶ የመጣ መሰላት፤ ያው ዓይን፣ ያው የተላቀቀ ከንፈር። እንደገና ለሷ ብሎ ይዋሻል ብላ ፈራች። ወዲያው ግን እውነቱን ለመናገር የእሷን ፈቃድ እየጠበቀ መሆኑ ገባት። እውነቱ የሚያሳፍረው እሷን ነውና።

«ንገራቸው» አለችው።

«አልቆረጥኩም» አለ ቴዎ። «እሷ ናት ያለችው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እንዳያዝኑባት ብዬ።»

«በልጄ እንዳዝን እንዳላዝን የምትወስን አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«አይደለህም» ብለው ደገሙት መሪጌታ። አጠገባቸው ባዶ ወንበር ነበር፤ ተቀመጥ አላሉትም። ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። «አንቺስ? ይኸን ልጅ ታምኚዋለሽ?»

ለመመለስ አልቸኮለችም። ውሸቱን አሰበች፣ ደብቆ ያስቀመጠውን ቃሏን አሰበች፣ እሷ ስትጠላው ዝም ብሎ መጠላቱን አሰበች። ከመስታወቱ ማዶ ትንፋሿን ሲጠብቅ የነበረውን ፊትም አሰበች።

«ተናድጄበታለሁ» አለች። «ገና አልወጣልኝም። ብዙ የምጠይቀው ነገር አለ። ግን አምነዋለሁ አባዬ፤ እፈልገዋለሁም።»

ቴዎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው ተነሡ።

«በመጪው እሑድ ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉት። «አንተን ገና አላመንሁህም። ያመንሁት እሷን ነው።»

ፀደንያ እንባዋ ሲወርድ ተሰማት። አልጠረገችውም፤ ሁለቱም እንዲያዩት ፈለገች።